የቀሩትን ፍለጋ

ጡረታ ከወጣሁ ይኸው ሦስተኛ ወር ሆነኝ። ዓይኔ ግን አሁንም ከማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በራሱ ይገለጣል። ለብሼ፣ ሻይ አፍልቼ፣ ቦርሳዬን አንስቼ በሩ ጋ ስደርስ ነው የምሄድበት እንደሌለ ትዝ የሚለኝ። ጎረቤቴ ሐጃ ዘይነብ በመስኮቷ እያየችኝ ትስቃለች። «ያ ሲጊ፣ ዛሬም ልትወጊ ነው?» ትለኛለች። እኔም ስቄ እመለሳለሁ። ይህን የምጽፈው በእነዚህ ትርፍ ጠዋቶቼ ነው።

ስሜ ጽጌ ነው። ሱዳኖቹ «ሲጊ» አድርገውታል፤ እኔም ለምጄዋለሁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ካርቱም ውስጥ፣ ከሳጃና ሰፈር ብዙም በማትርቅ አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ መርፌ ስወጋና መዝገብ ስይዝ ኖሬአለሁ። መዝገቡ የአንድ በሽታ መዝገብ ነው። ልጅ ጉሮሮውን ይታመማል፤ ቶንሲል ነው ተብሎ ይታለፋል። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያብጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ያም ያልፋል። ቤተሰቡ ረስቶታል። ልቡ ውስጥ ያሉት ትናንሽ በሮች ግን ቆስለዋል። ቶንሲሉ በተመለሰ ቁጥር ቁስሉ ይጨምራል፤ በመጨረሻ በሮቹ በደንብ መከፈትም መዘጋትም ያቅታቸዋል።

ይህን የሚያስቆመው በየአራት ሳምንቱ የሚወጋ የፔኒሲሊን መርፌ ነው። አንዱ አሥር ዓመት ይወጋል፣ ሌላው እስከ አርባ ዓመቱ። መድኃኒቱ የቆየና የታወቀ ነው። ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ በሽተኛው ደህና ነኝ ይላል። ይሮጣል፣ ይሠራል፣ ይስቃል። እኛ ደግሞ ምንም ያላመመውን ሰው በየወሩ እየጠራን በጣም የሚያም መርፌ እንወጋዋለን። ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ያላመመው ሰው እንዳይቀርብኝ ማድረግ።

ካርቱም የገባሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በከሰላ በኩል ነው። ደሴ ጤና ረዳትነት ተምሬ ነበር፤ እዚህ ግን የምስክር ወረቀቴን የሚያነብልኝ አልተገኘም። መኖሪያ ወረቀት፣ የሥራ ወረቀት፣ ማኅተም፣ ሌላ ማኅተም፤ ስለዚያ ብዙ ማለት አልፈልግም። ጤና ጣቢያዋ በጽዳት ሠራተኝነት ቀጠረችኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ወለል ጠረግሁ። አማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ ደግሞ መጥረጊያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ አስተረጉማለሁ።

የነርሶቹ አለቃ ሲት ኑዕማት የሚባሉ የኦምዱርማን ሴት ነበሩ፤ «ሲት» ወይዘሮ እንደ ማለት ነው። ረጅም፣ ጥቁር፣ የሚጠቀለሉበት ነጭ ቶባቸው ከጠዋት እስከ ማታ አንድም እጥፋት የማይታይበት። አንድ ቀን አንድ ጎልማሳ መርፌ ተወግቶ ሲነሳ ፊቱ አመድ መሰለና ተንገዳገደ። ወጣቷ ነርስ ጮኸች። እኔ ባልዲዬን ጥዬ ያዝኩት፣ ወለሉ ላይ አጋደምኩት፣ እግሮቹን ወንበር ላይ ሰቀልኩ፣ የደም ሥሩን እየዳሰስኩ መቁጠር ጀመርኩ። ቀና ስል ሲት ኑዕማት በላዬ ቆመዋል።

«ይህን የት ተማርሽ?»

«አገሬ፣ ትምህርት ቤት።»

«አንድ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«የጠየቀኝ የለም» አልኳቸው።

«ልክ ነሽ፣ እኔ ነኝ ያልጠየቅሁሽ» አሉና ባልዲውን ራሳቸው አንስተው ወደ ጥግ ወሰዱት። ፈተናውን እስክወስድ ድረስ ስድስት ወር አጠገባቸው አቁመው አስተማሩኝ። እስከ ዛሬ የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅሁት በዚያ ስድስት ወር ነው።

መርፌ መውጋት ቀላል ይመስላል። ይህኛው ግን ዱቄት ነው፤ በውሃ ሲበጠበጥ ወተት ይመስላል፤ ትንሽ ካቆዩት ይረጋና መርፌውን ይደፍነዋል። ሥጋ ውስጥ ከገባ በኋላ ከደፈነ ነቅሎ እንደገና መውጋት ነው፤ እንዲያ የሆነበት ሰው ደግሞ በሚቀጥለው ወር አይመጣም። ሲት ኑዕማት ብልቃጡን መዳፋቸው ውስጥ ጨብጠው እያሞቁ በሽተኛውን ያዋሩታል። ትናንት ምን በላህ? እናትህ ደህና ናት? የምትሠሪበት ቤት የምትጮህብሽ ማን ናት? ወሬው ለጨዋታ ይመስላል፤ ግን መድኃኒቱ ይሞቃል፣ ሰውየውም ጡንቻውን ይለቃል። ከዚያ የሚወጉበትን ቦታ በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው እስከ አሥር ይቆጥራሉ። መርፌውን በፍጥነት ያስገባሉ፤ መድኃኒቱን ግን ቀስ፣ ቀስ፣ ሁለት ደቂቃ ያህል። «የሚያመው መርፌው አይደለም፣ ችኮላው ነው» ይሉኝ ነበር። ሲያልቅ ግማሽ ሰዓት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያስቀምጡታል፤ መድኃኒቱ ያልተስማማው ሰው ቢኖር ዓይናቸው ሥር እንዲሆን።

አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው፤ እሱን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ዘግይቶ የመጣን ሰው አይቆጡም። ሁለት ወር ጠፍቶ የመጣን ወጣት «አህለን፣ አህለን» ብለው ቦታ ለቀው ያስቀምጡታል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እበሳጫለሁ። አንድ ቀን፣ «እንዲህ ካቀማጠሉት መቼ ይማራል?» አልኳቸው።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ይህ ልጅ እዚህ ሲመጣ መንገድ ላይ ሁለቴ ተመልሶ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ብቆጣው በሚቀጥለው ወር ሦስተኛ ጊዜ ይመለሳል። ከዚያ ማንን ነው የምቆጣው?»

የልብ መዝገቡ የተጀመረው ተፈትኜ ነርስ ከሆንኩ በኋላ ነው። በወር አንድ ቀን የሚመጣ ዶክተር ሙዕተዝ የሚባል የልብ ሐኪም ነበር። ሆስፒታል ውስጥ በሃያ ዓመታቸው ልባቸው ያለቀ ልጆች እያየ ተሰላችቶ፣ በሽታውን ከሥሩ ለመያዝ ቆርጦ ተነሳ። ለያንዳንዱ በሽተኛ አንድ መስመር፤ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የሚወጋበት ቀን፣ የተወጋበት ቀን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከመዝገብ የወጣበት ምክንያት። መዝገቡን ለእኔ ሰጠኝ። ሲት ኑዕማት ደግሞ እንዴት እንደሚያዝ አሳዩኝ። አድራሻ ላይ የሰፈሩን ስም ብቻ፣ «አል-ሳሃፋ» ብዬ ጽፌ ቢያዩ፣ «አል-ሳሃፋን ማን አጣው?» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ «ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር፣ ፎቅ ላይ የውሃ ታንከር ያለበት» ብዬ መጻፍ ለመድኩ።

በሽተኞቻችን ሱዳኖችም ሐበሾችም ነበሩ። ከሐበሾቹ ብዙዎቹ ሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ሴቶች፣ ወይም ለጥቂት ጊዜ ቀን ሥራ እየሠሩ ወደ ሌላ አገር ለመሻገር የሚጠባበቁ ወጣት ወንዶች ናቸው። እነሱን መያዝ ከባድ ነው። ፖሊስ ወረቀት የሌለውን እየሰበሰበ ይጭናል፤ ያንን አፈሳ «ከሻ» ይሉታል። ከሻ አለ የተባለ ቀን አግዳሚ ወንበራችን ባዶ ይውላል። መርፌ ቢቀር ዛሬ ምንም አይሆኑም፤ ቢያዙ ግን ዛሬውኑ ነው የሚያዙት። አልፈርድባቸውም።

አሁን ስለ ከድጃ ልጻፍ። ሳልጽፈው ባልፍ ደስ ይለኝ ነበር።

ከድጃ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ ከወሎ ገጠር። አል-ሳሃፋ አንድ ቤት ትሠራለች። ስትመጣ ሁለቱም ጉልበቷ አብጦ ደረጃ መውጣት አቅቷት ነበር። ዶክተር ሙዕተዝ ልቧን አዳመጠና ለእኔ በዓይኑ ምልክት ሰጠኝ። መዝገብ ገባች። ሰባት ወር አንድም ቀን ሳታዛንፍ መጣች። ቅንጥብጣቢ ነገር ታመጣልኛለች፤ አንዴ ሎሚ፣ አንዴ ከማዳሟ ቤት የተረፈ ኬክ በወረቀት ጠቅልላ። «እትዬ ጽጌ፣ ቀስ ብለው ይወጉኝ» ትላለች፤ ከዚያ ጥርሷን ነክሳ ድምጿን ሳታሰማ ትወጣዋለች።

በስምንተኛው ወር ቀረች። ቀጣሪዋ ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሴት፣ «ከድጃ? ከድጃ የምትባል የለችም እዚህ» አለችኝ። «የሐበሻ ልጅ፣ ቀጭን፣ አጭር» አልኳት። «ኧረ ሐበሻዋ አገሯ ሄደች መሰለኝ» አለችና ዘጋችው። ያን ቀን ክፍሉ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ መርፌ ሊያልቅ ነው። መዝገቡን አወጣሁና በመጨረሻው አምድ ላይ «ወደ አገሯ ተመለሰች» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ስሟ የቀሩት ዝርዝር ውስጥ አልወጣም። እጄ ነው የዘጋው።

ከስምንት ወር በኋላ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ረክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንላት፣ በራችን ላይ ቆመች። ሁለት ሴቶች ከድጃን ደግፈው አወረዷት። ከረክሻዋ እስከ በሩ ሦስት እርምጃ ነው፤ መሐል ላይ ቆማ ትንፋሽ ፈለገች። እግሮቿ አብጠው ጫማዋ አልገባ ብሎ ተረከዙ ተረግጧል። አየችኝና ፈገግ ልትል ሞከረች።

«እትዬ ጽጌ… ቀረሁብዎት አይደል?»

አገሯ አልሄደችም ነበር። የመጀመሪያዋ ማዳም ለእህቷ ሰጥታት፣ ከዳቦ ቤቱ ማዶ፣ አራት መንገድ አልፎ ሌላ ቤት ነበረች። አዲሷ ማዳም ከድጃ የሚለውን ስም አልወደደችውም፤ «ሐናን» ብላታለች። ከቤት አትወጣም፤ ስልክ የላትም። በክረምቱ ጉሮሮዋን ታመመች፣ ተኮሳት፣ ተሻላት። ከዚያ ደረጃ ስትወጣ ይደክማት ጀመር። ሰነፍሽ አሏት።

ሆስፒታል አስገባናት። ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ። በስድስተኛው ቀን ጠዋት ሄጄ አልጋዋን ባዶ አገኘሁት። የሳጃና የወሎ ሴቶች አጥበው፣ ገንዘው፣ አሰግደው አስቀበሯት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ከሴቶቹ ጋር በር ላይ ተቀምጬ ዋልኩ።

እናቷ ጋር የደወልኩት እኔ ነኝ፤ ለጎረቤታቸው ሱቅ ደውዬ አስጠራኋቸው። መርዶውን የአገሯ ልጆች ቀድመው ነግረዋቸው ነበር። ስሜን ስነግራቸው፣ «አንቱ ነዎት እንዴ መርፌ የሚወጓት? እንደ እናት ናቸው እያለች ታወራልኝ ነበር» አሉ። ከዚያ ጠየቁኝ። «መርፌዋን ትወጋ ነበር አይደል?»

አዎ ብል ያልፍ ነበር። «ስምንት ወር ቀርታ ነበር» አልኩ። «አገሯ ሄደች ሲሉኝ አምኜ ዝም አልኩ። አልፈለግኋትም።»

ስልኩ ውስጥ ነፋስ ይሰማል፣ ፍየል ይሰማል። አልጮኹም።

«ሌሎቹን ይፈልጓቸው እንግዲህ» አሉኝ።

በማግስቱ ሥራዬን ልለቅ ወሰንኩ። ሲት ኑዕማት ጋ ገብቼ መዝገቡን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። መነጽራቸውን አድርገው የከድጃን መስመር ፈለጉ፤ የጻፍኩት በአማርኛ ስለነበር ምን እንደሚል ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ስልክ ያነሳችው ሴት።»

«አንቺ ግን ባዶ አልጋዋን አይተሻል? ሻንጣዋ መሄዱን አይተሻል?»

«አላየሁም።»

እርሳቸው እንኳ አሁን ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጡኝም። ወንበር ሳቡልኝ፣ አስቀመጡኝ፣ እስክረጋ ድረስ ሌላ ሥራ ሲሠሩ ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤ «ብትለቂ ይህን የሚያውቅ ሰው ከዚህ ይወጣል። ከእንግዲህ ማንም ሰው ከመዝገብ የሚወጣው አንቺ በዓይንሽ ካየሽ ነው። ሐሙስ ሐሙስ እዚህ አትመጪ። ውጪና የቀሩትን ፈልጊ።»

እንዲህ ነው ሐሙስ የእግር ቀኔ የሆነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለያንዳንዱ በሽተኛ የምጽፈው ስም ሦስት ሆነ፤ እናት ያወጣችው፣ ቀጣሪዎቹ የሚጠሩበት፣ የእናትየው ስም። ሐሙስ ጠዋት የቀሩትን ዝርዝር ይዤ በሐፍላ፣ በዚህ አገር ትንሽ አውቶቡስ መሆኗ ነው፣ እወጣለሁ። ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ከጨርቅ ሻጭ ወደ ጨርቅ ሻጭ እየጠየቅሁ አንድ ልብስ ሰፊ አግኝቻለሁ። የቤት ሠራተኛ ስፈልግ ነጭ ጋውን አለብስም፤ ማዳሟ ትደነግጣለች። «የአክስቷ ልጅ ነኝ፣ ከአገር ዕቃ መጥቶላታል» እላለሁ። በሩ ሲከፈት ልጅቷን ለብቻዋ አግኝቼ ጥግ ላይ አወራታለሁ። አንዳንዷ ማዳም ነገሩን በግልጽ ስነግራት ደንግጣ ራሷ በመኪና አምጥታልኛለች። ሰው ከምንጠብቀው በላይ ደግ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሄዶ በር ማንኳኳት ይፈልጋል እንጂ።

አንድ ዳንኤል የሚባል የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ሲሚንቶ ተሸካሚ። ወደ ሊቢያ ሊወጣ እንደሆነ ሲነግረኝ እንደማላስቀረው አውቄ ነበር። በዐረብኛ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ካርድ ጻፍኩለት፤ በፕላስቲክ አሸግሁት። «ይህን አትጣል፤ በየአራት ሳምንቱ» አልኩት። «ኢንሻአላህ» አለኝ፤ ወጣቶች ኢንሻአላህ ሲሉ ተስፋዬን እቆርጣለሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከትሪፖሊ ደወለ። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠኝ፣ «እትዬ፣ ነርሷ መድኃኒቱን አላወቀችውም፤ ስልኩን ልስጣትና ንገሪያት» አለኝ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እየዘፈንኩ ነው።

ሲት ኑዕማት ጡረታ ወጥተው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኦምዱርማን ቤታቸው ውስጥ በሰላም አረፉ። ዶክተር ሙዕተዝም ተዛወረ። በእርሱ ቦታ የመጣችው ዶክተር ረዛን በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል ናት፤ ፈጣን፣ ሁልጊዜ ስልኳ እጇ ላይ። መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ እናስገባ አለችኝ። «ይህ መዝገብ መብራት አይጠፋበትም» ብዬ ተከራከርኳት። ሳቀችብኝ፤ ግን አልተወችኝም። ስድስት ወር ከሥራ በኋላ እየተቀመጥን እኔ አነበብኩ፣ እርሷ ጻፈች። በየመሐሉ አጉረመረምኩ።

በዚያው ዘመን ትምህርት ቤቶች እየሄድን የልጆችን ልብ የምናይበት ዘመቻ ነበር። ሳጃና አጠገብ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ነው ሰሚራን ያገኘናት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እናቷ ወይዘሮ ሙሉ ልብስ ሰፊ፣ አባቷ ሹፌር። ካርቱም ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛዋ ከዐረብኛዋ ጋር የተዘበራረቀ። ዶክተር ረዛን ትንሿን የልብ ማያ መሣሪያ ደረቷ ላይ አድርጋ ቆየች፤ ደጋግማ አየች። አንደኛው በር ትንሽ ቆስሏል። ገና ትንሽ ነው፤ በመርፌው ከተያዘ ላይብስ ይችላል።

የመጀመሪያውን መርፌ ስወጋት እጄን ነከሰችኝ። ቀልድ አይደለም፣ በደንብ ነው የነከሰችኝ፤ ሲት ኑዕማት ቢኖሩ ይስቁ ነበር። በሁለተኛው ወር አልጋው ሥር ገባች። እኔም ወለሉ ላይ ተቀምጬ፣ ብልቃጡን እጄ ውስጥ ይዤ ጠበቅኋት። «ኻልቲ» ትለኛለች፤ አክስቴ ማለት ነው።

«ኻልቲ፣ አንቺ ለምንድነው ያልሄድሽው?»

«ብልቃጡ እስኪሞቅ ነው።»

«ከሞቀ አያምም?»

«ያማል። ግን ያነሰ ያማል።»

አሰበችበት። «ሌሎች ሰዎች ዋላ ምንም አያምም ይሉኛል፣ ኪዝብ ነው» አለች፤ ውሸት ነው ማለቷ ነው። ከዚያ ወጣች። ያን ቀን ተስማማን፤ እኔ አልዋሻትም፣ እርሷ አትነክሰኝም። አልፎ አልፎ ትዘገይ ነበር፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ ሁለት ወር አኩርፋ ቀርታ ሐሙስ ከትምህርት ቤቷ በር ላይ ለቅሜያታለሁ። ግን አላጣኋትም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለ ጦርነቱ ሌሎች ይጻፉ። እኔ በዘጠነኛው ቀን ከሐጃ ዘይነብ ቤተሰብ ጋር አንድ አውቶቡስ ላይ ተሳፍሬ ወደ መደኒ፣ ኋላም ወደ ገዳሪፍ ወጣሁ። ቦርሳዬ ውስጥ የልብስ ቅያሬና የደም ግፊት መድኃኒቴ ብቻ ነበር። መዝገቡን ሄጄ ላመጣ ብዬ ነበር፤ መንገዱ አላሳልፍ አለኝ። በኋላ እንደሰማሁት ጤና ጣቢያችን ተዘርፏል፤ ደብተሮቹ ለማገዶ ውለዋል። የሠላሳ ዓመት ጽሕፈቴ የማላውቀው ሰው ሻይ ሆነ።

ገዳሪፍ ተጠልዬ ሳለሁ ዶክተር ረዛን ከፖርት ሱዳን ደወለች። «ኻልቲ ሲጊ፣ ያ ያጉረመረምሽበት ነገር ስልኬ ውስጥ አለ። ሙሉው። ልላክልሽ?» አለችኝ። አለቀስኩም ሳቅሁም። ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ደግመሽ በይው አለችኝ።

አረንጓዴ በሩ፣ ዳቦ ቤቱ፣ የውሃ ታንከሩ ከእንግዲህ ለማንም አይጠቅምም። ሁሉም ተበትኗል። ስልክ ቁጥሮቹ ግን ነበሩ። ኔትወርክ በተገኘበት ሰዓት፣ ከተጠለልኩበት ትምህርት ቤት ግቢ ካለች ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጬ አንድ በአንድ ደወልኩ። ብዙው ቁጥር አልሠራም። ያነሳ ሰው ከሰላ ነው፣ ካይሮ ነው፣ ጎንደር ነው። ለሁሉም የምለው አንድ ነው፤ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ «በየአራት ሳምንቱ፣ ቀስ ብለው እንዲወጉህ ንገራቸው።» አንዳንዱ ቤቱ ተቃጥሎ፣ ሰው ሞቶበት፣ ስለ መርፌ ስነግረው የሚያብድብኝ ይመስለኝ ነበር። አንድ የዴም ሰፈር ሰው ግን ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ያ ሲት፣ ዛሬ የደወለልኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ።

የሰሚራ ስልክ አልሠራም። ሦስት ሳምንት ሞከርኩ። በአራተኛው ሳምንት እርሷው ከማላውቀው ቁጥር ደወለች። ከእናቷ ጋር ከሰላ ገብተዋል።

«ኻልቲ፣ አምስት ፋርማሲ ዞርኩ፣ ማፊ፣ የለም አሉኝ። በስድስተኛው አገኘሁ።»

«ተወጋሽ?»

«ተወጋሁ። ሰውየው ግን ሙስተዕጂል ነው፣ ይቸኩላል። ‹እንዲህ አይደለም፣ መጀመሪያ እጅህ ላይ አሙቀው› አልኩት። ተናደደ። ግን አሞቀው።»

ስልኩን ዘግቼ ኒሟ ሥር ብቻዬን ረጅም ሰዓት ቆየሁ። ይህቺ ልጅ እኔ ባልኖርም ትወጋለች።

ካርቱም የተመለስኩት ብዙ ሰው ከመመለሱ በፊት ነው። ጤና ጣቢያችን አንድ ክፍሏ ብቻ ጣሪያ ተርፎላት ነበር፤ እሱን ጠርገን፣ አንድ አልጋና አግዳሚ ወንበር ይዘን ከፈትን። ዶክተር ረዛን አዲስ ደብተርም አዲስ ላፕቶፕም ይዛ መጣች፤ ሁለቱንም እንይዛለን ተባባልን። አዲሷ ነርስ ሀላ ቦታዬን ልትረከብ መጥታለች። ብልቃጡን እንዴት እንደምታሞቅ አሳየኋት። ዘግይቶ የመጣን ሰው ስትቆጣ ሰማኋት፤ እሱንም እንዲሁ ወደ ጥግ ወስጄ ነገርኳት። ፊቷን አጨማደደችብኝ፤ ነገሩ ልቧ ገብቷል ማለት ነው።

የመጨረሻ ሳምንቴ ላይ ሰሚራ መጣች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ አል-ሳሃፋ እንደገና የተከፈተ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ታስተምራለች። ዶክተር ረዛን አስተኝታ ልቧን በመሣሪያው አየች። በጎን አስተኝታ አየች። አስቀምጣ አየች። ከዚያ መሣሪያውን አጥፍታ በጨርቅ ጠረገችው።

«አልባሰም» አለች። «እንዲያውም ጠባሳው በጭንቅ ነው የሚታየው። አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ኸላስ፣ መርፌው ይበቃታል።»

ሰሚራ አልገባትም። «ኸላስ ለዛሬ?»

«ለሁልጊዜ። በዓመት አንዴ ለማየት ብቻ ነይ።»

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች፤ የምትደሰት መስሎኝ ነበር፣ ፊቷ ግን እንደ ሕፃን ሊያለቅስ ነው። «ኻልቲ፣ እና በየወሩ የት ልሂድ?»

«ገበያ ሂጂ፣ ሲኒማ ሂጂ፣ ምን ቸገረኝ!» አልኳት።

ደብተሩን አወጣሁ። መጨረሻው አምድ ላይ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ብዙ ነገር ጽፌአለሁ፤ ሞተ፣ ተዛወረ፣ ቀዶ ሕክምና፣ አልተገኘም። መርፌውን ጨርሶ የወጣ ሰው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጻፍኩ ማስታወስ አቃተኝ፤ ጥቂቶች ነበሩ። ሀላ አጠገቤ ቆማ እንዴት እንደሚሞላ ታያለች። «ጨረሰች» ብዬ በአማርኛም በዐረብኛም ጻፍኩ። ከሥሩ ፈረምኩ። ሰሚራ አንገቷን አስግጋ አነበበችው፤ የአማርኛውን ፊደል ለፊደል እየለየች።

ከዚያ ሰዓቷን አየችና ደነገጠች። ልጆቹ ይጠብቋታል። በዚህ ጊዜ ሐፍላ በሰዓት አንድ ቢገኝ ነው። አቅፋኝ፣ ግንባሬን ስማኝ ወጣች፤ እኔም እስከ በሩ ሸኘኋት። ሐፍላው ከማዶ ጥግ ላይ ሞልቶ ሊንቀሳቀስ ነው፤ ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ የመጨረሻውን ጥሪ ይጮሃል። ሰሚራ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ያዘችና ሮጠች። ፍርስራሹን ዘለለች፣ አሸዋውን አቋርጣ ሮጠች። እኔ እንደ ልማዴ ትከሻዋን አያለሁ፤ ትንፋሽ ያጠራት እንደሆነ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ሐፍላው መንቀሳቀስ ጀመረ። የረዳቱን እጅ ያዘች፣ ዘላ ወጣች፣ ወደ እኔ ዞራ አንድ ነገር ጮኸች። ምን እንዳለች አልሰማሁም። በሙሉ ድምጿ ነበር የጮኸችው።